ስለ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መጥፋትና መመለስ

ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ከመንገሣቸው አስቀድሞ አዳል ተሰማ ይባሉ ነበር። አባታቸው ደጃዝማች ተሰማ ጐሹ፥ አያታቸውም በዘመነ መሳፍንት ጐጃምን የገዙት ደጃዝማች ጐሹ ዘውዴ ናቸው። ትውልዳቸው እንዲህ የታወቀ ይሁን እንጂ ግዛቱ በሰላም የተላለፈላቸው አልነበረም። ደጃዝማች ጐሹ በ1845 ዓመተ ምሕረት ጉር አምባ ላይ ከደጃዝማች ካሣ፥ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ ከተባሉት ጋራ ሲዋጉ ወደቁ። አጎታቸው ደጃዝማች ብሩ ጐሹም ተማርከው ዐፄ ቴዎድሮስ እስከ ሞቱበት እስከ 1860 ዓመተ ምሕረት ድረስ በእስራት ኖሩ። ስለዚህ ብላቴናው አዳል ያደጉት የአባቶቻቸው ቤት በፈረሰበት ዘመን ነው።

ከዐፄ ቴዎድሮስ በኋላ የነገሡት ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ እኅታቸውን ወይዘሮ ላቀች ገብረ መድኅንን ዳሩላቸው። ነገር ግን ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ በ1863 ዓመተ ምሕረት ዐድዋ ላይ ድል ሆነው ዘውዱ ለዐፄ ዮሐንስ ሲያልፍ፥ አዳል በጌታቸው መውደቅ ምክንያት ብቻቸውን ቀሩ። ከተወዳዳሪያቸው ከራስ ደስታ ጋራ ብዙ ተከራክረው በመጨረሻ ጐጃምን ያዙ፤ ዐፄ ዮሐንስም ራስ ብለው ሾሙዋቸው። በጥር ወር 1873 ዓመተ ምሕረትም ተክለ ሃይማኖት ብለው የጐጃምና የከፋ ንጉሥ አድርገው አነገሡዋቸው። በተከታዩ ዓመት ከእስክንድርያ ከመጡት አራት ጳጳሳት አቡነ ሉቃስ ለጐጃም ደረሱ። አስቀድሞ መንቆረር ይባል የነበረው ከተማ በቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ስም ደብረ ማርቆስ ተብሎ መጠራቱና የንጉሡ መናገሻ መሆኑም በዚሁ ዘመን ነው።

የመጀመሪያው መጥፋት የተነሣው ከዚያው ከተሰጣቸው ማዕርግ ነው። የከፋ ንጉሥ መባል በቃል የቀለለ፥ በሥራ ግን የከበደ ነበር። ከፋ ከዓባይ ማዶ እጅግ ርቆ ያለ አገር ነውና፤ ወርቁ፥ የዝሆን ጥርሱ፥ ዝባዱና ቡናው የሚያልፍበትን መንገድ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክም ይፈልጉት ነበር። የጐጃም የጦር አለቃ ራስ ደረሶ በማዶው አገር ግብር ሲሰበስቡ ከምኒልክ የጦር አለቃ ከራስ ጎበና ጋራ ተጋጩ። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትም ራሳቸው ሠራዊታቸውን ይዘው ዓባይን ተሻገሩ። በግንቦት መጨረሻ 1874 ዓመተ ምሕረት በሆሮ ጉድሩ አገር እምባቦ በሚባል ስፍራ ከባድ ጦርነት ሆነ። የራስ ጎበና ፈረሰኛ በረታ፤ ንጉሡም ቈስለው ተማረኩ። ምኒልክ የምርኮኛቸውን ቍስል በገዛ እጃቸው እንዳጠቡ ይነገራል።

ሁለቱ ንጉሦች ያለ ፈቃዳቸው መዋጋታቸውን ዐፄ ዮሐንስ በሰሙ ጊዜ እጅግ ተቈጡ፤ ወደ ወሎም ወርደው ሁለቱንም ቀጧቸው። ከምኒልክ ወሎን ወሰዱ፤ በእምባቦ የተማረከውንም መሣሪያ ተቀበሉ፤ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ግን ከምርኮ አስለቅቀው ወደ ጐጃም መለሷቸው። እንግዲህ በሠራዊት የሄዱበትን መንገድ በሰው ምሕረት ተመለሱበት።

ሁለተኛው መጥፋት ከመጀመሪያው የከፋ ነው። በ1879 ዓመተ ምሕረት ንጉሡ በመተማ የነበረውን የደርቡሽ ጦር ድል ነሥተው አለቃውን ወድ አርባብን ገድለው ነበር። ደርቡሾች ግን በዓመቱ በአቡ ዓንጃ መሪነት ብዙ ሠራዊት ይዘው መጡ። በጥር ወር 1880 ዓመተ ምሕረት በደምቢያ ሣር ውኃ ላይ የጐጃም ጦር ተሸነፈ፤ እጅግ ብዙ ሰው አለቀ፤ ከንጉሡም ቤተ ሰብ የተማረኩ ነበሩ። ደርቡሾች ወደ ጎንደር ወጥተው አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠሉ። ዐፄ ዮሐንስ በዚያ ወራት በምጽዋ በኩል በኢጣልያ ጦር ተይዘው ነበርና አልደረሱላቸውም።

ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በዚህ አዘኑ። ኀዘናቸውም ከንቱ አልነበረም፤ ለመላው መንግሥት ድንበር ቆመው ብቻቸውን ቀርተዋልና። ነገር ግን ከኀዘን ወደ ክዳት ተሻገሩ፤ ትናንት ከማረኳቸው ከምኒልክ ጋራ በንጉሠ ነገሥቱ ላይ ቃል ተጋቡ። ዐፄ ዮሐንስም በ1881 ዓመተ ምሕረት መግቢያ ዓባይን ተሻግረው ጐጃምን ወረሩ። ንጉሡ አምባ ገቡ። ባላገሩ ግን የሚገባበት አምባ አልነበረውም፤ እህሉ ተዘረፈ፥ ከብቱ ታረደ፥ ቤቱም ተቃጠለ። በዚያ ዘመን የከብት በሽታ ገብቶ በሬው አልቆ ነበርና፥ የተረፈው ሰው የሚዘራውም የሚያርስበትም አጥቶ በክፉ ቀን ረኃብ ተያዘ። የንጉሡ ታሪክ ሲነገር ድላቸውና ዘውዳቸው ይቀድማል፤ ከሁሉ ይልቅ ሊነገር የሚገባው ግን የዚያ ዓመት የባላገሩ መከራ ነው። መንገድ የሳተ አንዱ ሆኖ ሳለ ዕዳውን የከፈለው ሌላው ነውና።

በመጨረሻው ንጉሡ ከአምባቸው ወርደው ለዐፄ ዮሐንስ ገቡ፤ ይቅርታም አገኙ። በአገራችን ቋንቋ የሸፈተ ሰው ታርቆ ሲመለስ ገባ ይባላል፤ ይህም ሰው ወደ ቤቱ ሲመለስ የሚባለው ቃል ነው። በዚያ ዘመን የበደለ መኰንን ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞ በጌታው ፊት መውደቁ የታወቀ ሥርዓት ነበር፤ ይቅር የተባለውም ብዙ ጊዜ ሹመቱን መልሶ ያገኝ ነበር። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትም ግዛታቸውን አላጡም። ዐፄ ዮሐንስ ግን ከጐጃም ተነሥተው ወደ መተማ ሄዱ፤ በመጋቢት ወር 1881 ዓመተ ምሕረትም ከደርቡሽ ጋራ ሲዋጉ ቈስለው ሞቱ።

ከዚህ በኋላ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት በሆኑ ጊዜ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ገቡላቸው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓመተ ምሕረት በዐድዋ የጐጃምን ጦር ይዘው ከዐፄ ምኒልክ ጋራ ተሰለፉ። እምባቦ ላይ ቈስለው ከተማረኩ 14 ዓመት ሊሞላ ጥቂት ወራት ቀርቶ ነበር። ዐድዋም በወጣትነታቸው የደገፏቸው ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ የወደቁበት አገር ነው። ከዚያም ወደ አገራቸው ተመልሰው በጥር ወር 1893 ዓመተ ምሕረት ዐረፉ። ከልጆቻቸው አንዱ ራስ ኃይሉ በኋላ ጐጃምን እስከ 1924 ዓመተ ምሕረት ገዙ።

ዓባይን የተሻገረ ሁሉ ግን እንደ ንጉሡ አልተመለሰም። የጐጃም ሠራዊት ከማዶው ከኦሮሞ አገር ማርኮ ካመጣቸው ሕፃናት አንዱ በንጉሡ ቤት አደገ፤ ተጠመቀ፤ የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት ተማረ፤ ሥዕልም ለመደ። ይህም በኋላ አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራ ተብለው የታወቁት ሠዓሊና ጸሓፊ ናቸው። የጐጃምን ታሪክና ትውልድ ቈጥረው የጻፉት፥ የንጉሡንም ዘመን በመጽሐፍ ያቈዩት እርሳቸው ናቸው። ስማቸው በጥምቀት ተለወጠ፤ የአባታቸውን የዋቅጅራን ስም ግን እስከ ሞታቸው ድረስ ይዘው ኖሩ።