ዮሐንስ ቲነማንና የሮሲተን ሽመላዎች

በባልቲክ ባሕርና ኩርሽ በሚባለው ሐይቅ መካከል 98 ኪሎ ሜትር ያህል የተዘረጋ ጠባብ የአሸዋ ምድር አለ። ዛሬ ሩሲያና ሊትዌኒያ የሚካፈሉት ይህ ምድር በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የጀርመን ግዛት ነበር። በአንድ ወገኑ የባሕሩ ዳርቻና የአሸዋ ኮረብታ፣ በሌላው ወገኑ የሐይቁ ዳር መስክና የሮሲተን መንደር ይገኛሉ። ተጓዥ ወፎች ሰፊ ውሃ ማቋረጥን ስለሚሸሹ በዚህ ጠባብ መንገድ ይጎርፋሉ።

ዮሐንስ ቲነማን እ.ኤ.አ. በ1863 ከካህናትና ከወፍ ተመራማሪዎች ቤተሰብ ተወልዶ ነገረ መለኮትን ተማረ። በ1896 ሮሲተንን ሲጎበኝ ያየው የወፍ ጎርፍ ግን ሌላ ሥራ አስመረጠው። በ1901 የጀርመን የአዕዋፍ ጥናት ማኅበር በመንደሩ የመመልከቻ ጣቢያ ሲያቋቁም ኃላፊነቱ ለእርሱ ተሰጠ።

በኤፕሪል ሽመላዎች ወደ ጎጆአቸው ይመለሳሉ፤ በኦገስት መስኩን ለቀው ይሄዳሉ። በኦክቶበር ደግሞ ቁራዎች ከሰሜን በብዛት ይወርዳሉ። የመንደሩ ሰዎች ቁራን በመረብ ያጠምዱ፣ ራስ ቅሉን በጥርሳቸው ነክሰው ይገድሉ፣ ሥጋውንም በጨው አሽተው ለክረምት ያኖሩ ነበር። ቲነማን ከእነዚሁ አጥማጆች በሕይወት ያሉ ቁራዎችን እየተቀበለ በ1903 ቁጥር የተጻፈበት የአሉሚኒየም ቀለበት በእግራቸው አሰረ። ዘዴውን በ1899 የጀመረው የዴንማርኩ መምህር ሞርተንሰን ነው፤ ቲነማን ግን በሰፊው አስፋፋው፤ ከ1906 ጀምሮም በሽመላዎች ላይ አዋለው።

ነቀፋውም ወዲያው ተነሣ። ያን ጊዜ ቀለበት የሚመለሰው ባብዛኛው ወፉ ሲሞት ወይም ሲገደል ስለሆነ፣ አዳኞች ለቀለበቱ ሲሉ ወፎችን ይፈጃሉ ተባለ። ክሱ ፈጽሞ መሠረተ ቢስ አልነበረም። እያንዳንዱ ዕውቀት በአንድ ሬሳ የተገዛ ነበርና። ይሁን እንጂ የምሥራቅ ሽመላዎች በቦስፎር፣ በፍልስጥኤምና በግብፅ አልፈው ዓባይን ተከትለው እስከ ደቡብ አፍሪካ እንደሚወርዱ የታወቀው በዚህ መንገድ ነው። ኢትዮጵያም የጉዞአቸው ተካፋይ ናት፤ ነጭ ሽመላ በስምጥ ሸለቆዋ ያርፋል።

ቲነማን በ1926 ወጣት ሽመላዎችን ትልልቆቹ እስኪሄዱ አግቶ ለቀቃቸው። መሪ ሳይኖራቸው አቅጣጫቸውን ያዙ። ከ37 ዓመት በፊት በጀመረው ሥራ አጠገብ፣ በሮሲተን፣ በ1938 ሞቶ በዚያው ተቀበረ። ጣቢያው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቆመ፤ መንደሩም ስሙ ተለውጦ ሪባቺ ተባለ። በ1956 የሶቪየት ተመራማሪዎች መጥተው እንደገና ወፎችን ማሰር ጀመሩ።