የንጉሥ ላሊበላ ሕይወት በሥዕልና በአለት

ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ በምትገኘው፣ ቀድሞ ሮሐ ትባል በነበረችውና ዛሬ በንጉሡ ስም በምትጠራው የላስታ ከተማ፣ የንጉሥ ላሊበላ ሕይወት በሁለት መዝገብ ተጽፎ ይገኛል። አንደኛው ገድሉና ገድሉን ተከትለው ሠዓሊዎች ያኖሩት ሥዕል ሲሆን፣ ሁለተኛው አለቱ ራሱ ነው። የእኛ ሙያ ወደ አለቱ ያደላል። ሆኖም ሥዕሉን ትቶ አለቱን ብቻ መመርመር ሰውየውንም ሥራውንም ማጉደል መሆኑን ስላመንሁ፣ ይህን አጭር የሕይወት ታሪክ ለማኅበራችን አባላት አቅርቤአለሁ።

ሥዕሉ የሚጀምረው ከሕፃንነቱ ነው። ሕፃኑ እንደ ተወለደ ንቦች ከበቡት፤ እናቱም ንቦቹ ንግሥናውን እንዳወቁለት ተረድታ ላሊበላ አለችው። ካደገ በኋላ በዙፋኑ ላይ የነበረው ወንድሙ ሐርቤ በጥርጣሬ ዐይን ተመለከተው፤ እኅቱም በመጠጥ መርዝ ሰጠችው። አስቀድሞ የቀመሰው ዲያቆን ሲሞት ላሊበላ ስለ እርሱ አዝኖ የቀረውን ጠጣ። ሦስት ቀን እንደ በድን ተጋድሞ ሳለ መላእክት ነፍሱን ወደ ሰማይ አወጡአት፤ በዚያም ከአንድ አለት የተፈለፈሉ አብያተ ክርስቲያናትን አየ፤ ያየውንም በምድር እንዲሠራ ታዝዞ ተመለሰ። ቀጥሎ የስደቱና የኢየሩሳሌም ጉዞው፣ ከመስቀል ክብራ ጋር የፈጸመው ጋብቻ፣ ሐርቤ ዙፋኑን የለቀቀለት ዕለት ይመጣሉ። በመጨረሻ ንጉሡ መሣሪያ ይዞ አለቱን ሲፈለፍል መላእክት ሲያግዙት ይታያል።

ይህ ገድል የተጻፈው ንጉሡ ካረፈ ከረጅም ጊዜ በኋላ፣ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ እንደሆነ ይታመናል። ስለዚህ ላሊበላን ከገድሉ ውጭ የሚመሰክርለት አለን ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። አለ። እ.ኤ.አ. በ1204 እና በ1225 ርስት የሰጠባቸው ሰነዶች ደርሰውናል። በግብፅ የተጻፈው የእስክንድርያ ፓትርያርኮች ታሪክም በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መግቢያ ላይ እርሱንና ንግሥቲቱን በስም ይጠቅሳል። በከተማዪቱ ባሉት የእንጨት መንበረ ታቦቶች ላይም ስሙ በግዕዝ ተቀርጾ ይነበባል። እንግዲህ ላሊበላ የአፈ ታሪክ ሰው ብቻ ሳይሆን በዘመኑ የታወቀ፣ ርስት የሚሰጥና ቤተ ክርስቲያን የሚያንጽ ንጉሥ ነበር።

አንድ መሐንዲስ የሥዕሉን ቅደም ተከተል ሲመለከት የሚያስገርመው ነገር አለ። ሠዓሊው ራእዩን ከመሣሪያው በፊት አስቀምጦታል። በድንጋይ ክምር ወይም በኮንክሪት የሚሠራ ሕንፃ ከመሠረት ወደ ጣሪያ ይወጣል፤ ግድግዳው ቢዛነፍ ፈርሶ ይገነባል፤ የጎደለው ይጨመራል። በሮሐ ግን ሥራው ከጣሪያ ጀምሮ ወደ ወለል ይወርዳል። አንድ ጊዜ የተቈረጠ ዐምድ ተመልሶ አይቀጠልም። ርዝመቱ 33 ሜትር፣ ወርዱ 23 ሜትር ያህል የሆነው ቤተ መድኃኔ ዓለም፣ ወይም 12 ሜትር ያህል ወደ ታች የጠለቀው ቤተ ጊዮርጊስ፣ የመጀመሪያው መሮ ከማረፉ በፊት መስኮቱ፣ ቅስቱ፣ የዝናቡ ውኃ የሚወርድበት አሸንዳና የሚፈስበት ቦይ ጭምር በአንድ ሰው ወይም በጥቂት ሰዎች አእምሮ ውስጥ ተሟልቶ መታየት ነበረበት። የሰማዩን ጉዞ ምእመን እንደ ተአምር ይቀበለዋል፤ እኛ ደግሞ፣ እምነቱን ሳንነካ፣ የሙሉ ንድፍን ቅድሚያ የሚያስተምር ሆኖ እናገኘዋለን።

የመላእክቱም ጉዳይ እንዲሁ ነው። ሰዎች ቀን ሲሠሩ መላእክት ሌሊት ይቀጥሉ ነበር መባሉ፣ የአገሩን ጠራቢ ድካም ይሸፍናል ብለው የሚቈጡ አሉ። ቍጣው መሠረት አለው፤ የባለሙያዎቹን ስም ያቆየልን ማንም የለምና። በቅርብ ዓመታት የተደረገው የአርኪኦሎጂ ጥናት ደግሞ አለቱ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በተለያዩ ዘመናት እየተደጋገመ እንደ ተፈለፈለ፣ ከፊሉም ከላሊበላ በፊት እንደ ተጀመረ ያመለክታል። ይህ የንጉሡን ክብር አይቀንስም። አባቶች የጀመሩትን ተረክቦ ወደ አንድ የጸሎት ከተማ ማድረስ፣ ጎልጎታና ዮርዳኖስ የሚል ስም በተሰጣቸው ስፍራዎች የአገሩን ሰው ወደ ኢየሩሳሌም መንፈስ ማቅረብ፣ ከባዶ ከመጀመር ያላነሰ ሥራ ነው። ይሁን እንጂ ታሪኩን ስንናገር ስማቸው ያልተጻፈውን ጠራቢዎች ከንጉሡ ጎን ማቆም ዕዳችን ነው።

ዕዳው የቃል ብቻ አይደለም። አብያተ ክርስቲያናቱ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡ ወዲህም ዝናቡና የሙቀቱ መለዋወጥ አለቱን መሰንጠቃቸውን አላቆሙም። እ.ኤ.አ. በ2008 በአንዳንዶቹ ላይ የተተከሉት ከባድ የብረት መጠለያዎች ከዝናብ ቢከልሉም፣ ምሰሶዎቻቸው በአለቱ ላይ ስለሚያስከትሉት ጉዳት የከተማው ነዋሪ ስጋቱን ደጋግሞ አሰምቷል። እዚህም የላሊበላ ሕይወት ትምህርት ይሆነናል። እርሱ ከመቍረጡ በፊት ሙሉውን አየ፤ እኛም ለመጠገን እጃችንን ከማንሣታችን በፊት የአለቱን ጠባይ፣ የውኃውን መንገድና በዚያ የሚጸልየውን ሰው አንድ ላይ ልናይ ይገባናል። ሰኔ 12 ቀን በዓሉ በሚታሰብበት ጊዜ ሁሉ፣ በዚህ ሙያ ለተሰማራን ወገኖች ጥያቄው ይኸው ነው።