ከተመለሰ በኋላም የተሰናከለው ሰው
የቢል ዊልሰን ዜና ሕይወት

የአበውን ገድል ያነበበ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ቤተ ክርስቲያን የሙሴ ጸሊምን ዜና ሕይወት ስትጽፍ ወንበዴና ነፍሰ ገዳይ እንደ ነበረ አልሸሸገችም። ይሁን እንጂ በዚህ ዓይነቱ ታሪክ በደሉ ከንስሐው በፊት ይቆማል፤ ከንስሐው በኋላ ያለው ዘመን የብርሃን ዘመን ነው። ለጸሐፊም ለአንባቢም የሚከብደው፣ ከተመለሰ በኋላ በሌላ ጎዳና የተሰናከለ፣ ነገር ግን ብዙዎችን ከሞት አፋፍ የመለሰ ሰው ታሪክ ነው። ንጉሥ ዳዊትም ቢሆን የኦርዮንን ሚስት የወሰደው ከተቀባና ከነገሠ በኋላ መሆኑን እናስታውስ። ከዚህ ቀጥሎ ታሪኩን በአጭሩ የምናቀርበው አሜሪካዊው ዊልያም ዊልሰን ከእንዲህ ዓይነቶቹ ሰዎች አንዱ ነው። (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።)

ወዳጆቹ ቢል የሚሉት ዊልሰን ኖቬምበር 26 ቀን 1895 በቨርሞንት ክፍለ ግዛት፣ ኢስት ዶርሴት በምትባል መንደር ተወለደ። የተወለደባት ክፍል የምትገኘው ሴት አያቱ ታስተዳድረው በነበረ ሆቴል ውስጥ፣ ከመጠጥ መሸጫው በስተጀርባ ነበር። ዐሥር ዓመት ገደማ ሲሆነው አባቱ ቤቱን ጥሎ ወደ ካናዳ ሄደ፤ እናቱም ሕክምና ልትማር ወደ ቦስተን ስትሄድ ቢልንና እኅቱን ከወላጆቿ ዘንድ ተወቻቸው። ወንድ አያቱ አንድ ቀን፣ ተወርውሮ ወደ ወርዋሪው የሚመለሰውን የእንጨት መሣሪያ ከአውስትራሊያ ሰው በቀር ማንም ሊሠራው አይችልም ቢለው፣ ልጁ ስድስት ወር ያህል እንጨት ሲቀርጽ ከርሞ ሠርቶ አሳየው። ከሁሉ በላይ ሆኖ የመታየት ምኞት ከዚያ ጊዜ ጀምሮ አብሮት አደገ። በ1912 የሚወዳት የትምህርት ቤት ጓደኛው ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት በድንገት ስትሞት ግን ልቡ ተሰበረ፤ ዕድሜ ልኩን እየተመላለሰ ያስጨነቀው ከባድ የመንፈስ ጭንቀትም ያን ጊዜ ታየበት።

በ1917 አሜሪካ ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት በገባች ጊዜ፣ የጦር መኮንን ሆኖ በማሳቹሴትስ ሳለ በአንድ ግብዣ ላይ መጠጥ ቀመሰ። በሰው ፊት ያስጨንቀው የነበረው ዐይነ አፋርነት በአንድ ሌሊት የተወገደለት መሰለው። ጃንዋሪ 24 ቀን 1918 ሎይስ በርንሃምን አገባ፤ ከዚያም ወደ ፈረንሳይ ዘመተ። ከተመለሰ በኋላ የኩባንያዎችን ይዞታ እየመረመረ ለአክሲዮን ነጋዴዎች የሚያቀርብ ባለሙያ ሆኖ በኒው ዮርክ ብዙ ገንዘብ አገኘ። ገንዘቡ በመጣ ቍጥር መጠጡ ጨመረ፤ በ1929 የአክሲዮን ገበያው ሲወድቅ ገንዘቡ ሄደ፣ መጠጡ ግን ቀረ። ከዚያ ወዲያ ቤቱን ያቆመችው በመደብር ተቀጥራ ትሠራ የነበረችው ሎይስ ናት። ዊልሰን በቤተሰቡ መጽሐፍ ቅዱስ ገጽ ላይ ከእንግዲህ አልጠጣም እያለ ቃሉን ደጋግሞ ጻፈ፤ ደጋግሞም አፈረሰ።

በ1933 እና በ1934 በኒው ዮርክ በሚገኘው የታውንስ ሆስፒታል አራት ጊዜ ተኛ። ሐኪሙ ዊልያም ሲልክዎርዝ፣ ስካር የፈቃድ ድካም ብቻ ሳይሆን ሥጋንም አእምሮንም የሚይዝ በሽታ መሆኑን አስረዳው። በኖቬምበር 1934 ኤቢ ታቸር የተባለ የጥንት የመጠጥ ጓደኛው ሊጠይቀው መጥቶ የቀረበለትን መጠጥ አልቀበልም አለ፤ የኦክስፎርድ ቡድን በተባለ የክርስቲያኖች ኅብረት አማካይነት ከሱሱ እንደ ተላቀቀም ነገረው። ዊልሰን በዲሴምበር 11 የመጨረሻውን መጠጥ ጠጥቶ ለአራተኛ ጊዜ ወደ ሆስፒታሉ ገባ። በዚያም ተስፋ ቈርጦ ወደ እግዚአብሔር ሲጮኽ ክፍሉ በብርሃን እንደ ተሞላ፣ ታላቅ ሰላምም እንዳደረበት ከዚያ በኋላ መሰከረ። በወቅቱ ለሕመምተኞች ይሰጥ የነበረው መድኃኒት የሌለ ነገር ሊያሳይ የሚችል እንደ ነበረም ጸሐፍት ያስታውሳሉ፤ ይህንም መሸሸግ አይገባም። የማያከራክረው ግን ከዚያ ወዲህ እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ፣ 36 ዓመት ያህል፣ መጠጥ አለመቅመሱ ነው።

በሜይ 1935 ለንግድ ጉዳይ ወደ ኦሃዮ፣ አክሮን ወደምትባል ከተማ ሄደ፤ ጉዳዩ ከሸፈ። ባረፈበት ሆቴል አዳራሽ ብቻውን ቆሞ ሳለ፣ በአንድ ወገን የመጠጥ ቤቱ ሳቅና ጫጫታ፣ በሌላው ወገን ስልክና የአብያተ ክርስቲያናት ዝርዝር ነበር። ስልኩን መረጠ። በአንድ ቄስ በኩል ሄንሪየታ ሳይበርሊንግ ከምትባል ሴት ጋር ተገናኘ፤ እርሷም የመጠጥ ባሪያ ከሆነው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ከሮበርት ስሚዝ ጋር አገናኘችው። ስሚዝ ከሩብ ሰዓት በላይ አልቀመጥም ብሎ መጥቶ ከ6 ሰዓት በላይ ቈየ። ዊልሰን አልሰበከውምና፤ የራሱን ውድቀት ነገረው እንጂ። ሌላውን ለመርዳት የመጣውም እርሱ ራሱ እንዳይወድቅ መሆኑን ገለጠለት። ስሚዝ አንድ ጊዜ ደግሞ ከተሰናከለ በኋላ ጁን 10 ቀን 1935 ለመጨረሻ ጊዜ ጠጣ፤ ያ ዕለት የማኅበሩ የልደት ቀን ሆኖ ይከበራል።

ማኅበሩ ስሙን ያገኘው በ1939 ከታተመው፣ አብዛኛውን ዊልሰን ከጻፈው መጽሐፍ ነው፤ አልኮሆሊክስ አኖኒመስ ይባላል፤ ስማቸውን ያልገለጡ የመጠጥ ሱሰኞች ማለት ነው። በዚያ የተዘረዘሩት 12 እርምጃዎች ለእኛ ሰው እንግዳ አይደሉም፤ አቅም ማጣትን ማመን፣ ራስን ለእግዚአብሔር መስጠት፣ በደልን መርምሮ ለሌላ ሰው መናዘዝ፣ የበደሉትን መካስ፣ ያገኙትንም ለሌላው ማድረስ ናቸው። በ1941 አንድ ታዋቂ መጽሔት ስለ ማኅበሩ በጻፈ ጊዜ፣ ወደ 2,000 ይጠጋ የነበረው የአባላቱ ቍጥር በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ 8,000 ደረሰ።

አሁን ወደ ጉድለቱ እንምጣ። ሎይስ 17 ዓመት ከሰካራም ባል ጋር ኖራ፣ ባሏ ሲድን ደግሞ ጊዜውን ሁሉ ለሌሎች ሰካራሞች ሰጠባት፤ አንድ ቀንም በንዴት ጫማ ወረወረችበት። በመጽሐፉ ውስጥ ለሚስቶች የተጻፈውን ምዕራፍ እንኳ እርሷ እንድትጽፈው አልፈቀደም፤ በሚስቶች አንደበት ራሱ ጻፈው። በ1951 እርሷ ለሱሰኞች ቤተሰቦች የሚሆን አል-አኖን የተባለ ማኅበር ከባልንጀራዋ ጋር መሠረተች። ዊልሰን ለትዳሩ አልታመነም፤ ለዓመታት ወዳጁ ለነበረች አንዲት ሴት ከመጽሐፉ ከሚያገኘው የደራሲነት ድርሻ ከመቶ 10 እጅ ተናዞላታል። ከ1944 ጀምሮ ዐሥር ዓመት ያህል ከባድ የመንፈስ ጭንቀት አደከመው። በ1956 ኤልኤስዲ የተባለውን ቅዠት አምጪ ዕፅ በሐኪም ክትትል ወሰደ፤ ለሱሰኞችም ይጠቅማል ብሎ ማሰቡ ብዙ ባልንጀሮቹን አስደነገጠ። ሳንባውን እየበላው የነበረውን ሲጋራም እስከ ዕድሜው መገባደጃ ድረስ መተው ተስኖት ነበር።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው የሠራው ማኅበር እንዴት ጸንቶ ቆመ? መልሱ ዊልሰን የገዛ ድካሙን ማወቁ ይመስለናል። በ1936 ድኻ ሳለ፣ የታውንስ ሆስፒታል ባለቤት በደመወዝ ሊቀጥረው ጠየቀው፤ ባልንጀሮቹ ግን ይህ አገልግሎት በገንዘብ አይሸጥም ቢሉት እየመረረው እሺ አለ። በ1938 ባለጠጋው ጆን ሮክፌለር ብዙ ሀብት እንዲሰጥ ቢጠበቅም፣ ገንዘብ ማኅበሩን ያበላሸዋል ብሎ 5,000 ዶላር ብቻ ሰጠ። ዊልሰን ከእነዚህ ተማረ። በ1950 ክሊቭላንድ ላይ የጸደቁት 12 ትውፊቶች፣ ማኅበሩ ሀብት እንዳያከማች፣ መሪዎቹ አገልጋዮች እንጂ ገዥዎች እንዳይሆኑ፣ በጋዜጣና በራዲዮ ፊት የማንም ስም እንዳይጠራ ደነገጉ። በ1954 የዬል ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሊሰጠው ሲል አልቀበልም አለ፤ በ1955 ሴንት ሉዊስ ላይ የማኅበሩን አመራር ለአባላቱ አስረከበ። ክብርን አብዝቶ የሚራብ ሰው፣ ማንም ሰው፣ እርሱም ጭምር፣ ሊነግሥበት የማይችል ቤት ሠራ።

ዊልሰን ጃንዋሪ 24 ቀን 1971፣ ጋብቻውን በፈጸመ በ53ኛ ዓመቱ ዕለት፣ በማያሚ ሞተ፤ በተወለደባት መንደርም ተቀበረ። ማኅበሩ በ1984 ያሳተመው የሕይወት ታሪኩ ስለ ጭንቀቱና ስለ ኤልኤስዲው ጽፏል። ስለ ትዳሩ ጉድለት በግልጽ የጻፉት ግን ከ2000 ወዲህ የመጡ ጸሐፍት ናቸው። ከእነዚህም አንዷ ሱዛን ቺቨር፣ በ2004 ባወጣችው መጽሐፍ፣ የአስታማሚዎቹን ማስታወሻ አይታ፣ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ውስኪ ስጡኝ እያለ ደጋግሞ እንደ ጠየቀ ገለጠች። አልሰጡትም።

አንዳንድ አባላት ይህ መነገሩ ጐድቶናል አሉ። እኛ ግን እንዲህ እናስባለን፤ ማኅበሩ ከመጀመሪያው ያስተማረው፣ ሱሰኛ ፈጽሞ እንደማይፈወስ፣ ዕለት ዕለት በሚያገኘው ምሕረት ብቻ እንደሚኖር ነው። ከ36 ዓመት በኋላም ጥሙ ሳይሞት መገኘቱ ይህን ትምህርት አላፈረሰውም፤ አጸናው እንጂ። ደግሞም በየሳምንቱ በየአዳራሹ የሚቀመጡት ሰዎች የሚድኑት እውነቱን በመናገር ከሆነ፣ የመሥራቻቸውን ታሪክ በሐሰት ማስጌጥ መድኃኒቱን ከሥሩ መመረዝ ይሆናል።

እኛ በስደት የምንኖር ሰዎች ይህን ልብ ልንል ይገባናል። በምንኖርባቸው ከተሞች በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ምድር ቤት እነዚህ ጉባኤዎች ይደረጋሉ። በመጠጥ የተያዘውን ወንድማችንን ግን ወይ እንስቅበታለን፣ ወይ ለቤተሰቡ ክብር ስንል እንሸሽገዋለን። የዊልሰን ታሪክ የሚያስተምረን፣ አንድ ሰው ራሱ ሙሉ ሳይሆን ለሌላው መድኃኒት ሊያቀብል እንደሚችል ነው። ሙሉ እስኪሆን ቢጠብቅ ኖሮ፣ በዚያ ሆቴል አዳራሽ ስልኩን ባላነሣ ነበር።