ሩዶልፍ ዲዝል፤ እሳት እንዳይባክን የደከመ መሐንዲስ

በየጧቱ ወደ ትምህርት ቤታችን ስንመጣ በአጠገባችን የሚያልፈው አውቶቡስ፣ ከወደብ ዕቃ ጭኖ ዳገቱን የሚወጣው ተሳቢ መኪና፣ መብራት በጠፋ ጊዜ በየግቢው የሚያጓራው ጀነሬተር፣ ሁሉም የአንድ ሰው የአሳብ ልጆች ናቸው ለማለት ይቻላል። የዚህንም ሰው ስም በየነዳጅ ማደያው ተጽፎ እናገኘዋለን። ይሁን እንጂ ዲዝል የሚለው ቃል የነዳጅና የሞተር መጠሪያ ከመሆኑ በፊት የአንድ ድኻ መጽሐፍ ደጓሽ ልጅ ስም እንደ ነበረ ከመካከላችን የሚያውቀው ጥቂት ነው። ስለዚህ ትምህርት ቤታችን የተመሠረተበትን በዓል ምክንያት በማድረግ በሚታተመው በዚህ መጽሔት የሰውየውን ታሪክ በአጭሩ ለማቅረብ አሰብን። ዘመናቱን ሁሉ የጻፍነው በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባብያን እንዲያስታውሱልን እንለምናለን።

ልደቱና አስተዳደጉ

ሩዶልፍ ዲዝል በማርች 18 ቀን 1858 ዓ.ም. በፓሪስ ከተማ ተወለደ። ወላጆቹ ግን ከጀርመን አገር፣ ከባቫርያ የመጡ ነበሩ። አባቱ ቴዎዶር መጽሐፍ እየደጐሰና የቆዳ ዕቃ እየሠራ ይኖር ስለ ነበረ፣ ኑሮአቸው ከእጅ ወደ አፍ ነበረ። ልጁም አባቱ የሠራውን ዕቃ በጋሪ እየገፋ ለደንበኞች ያደርስ ነበር። ጊዜ ባገኘ ቍጥር ደግሞ ከቤታቸው ወደማይርቀው የጥበባትና የእጅ ሥራ ሙዚየም እየሄደ፣ በዚያ የተቀመጡትን አሮጌ የእንፋሎት መኪናዎች እያየ ሥዕላቸውን ይነድፍ ነበር።

ዕድሜው 12 ዓመት በሆነ ጊዜ፣ በ1870 በፈረንሳይና በፕሩስያ መካከል ጦርነት ተነሣ። በፓሪስ የሚኖሩ ጀርመኖች ከተማውን እንዲለቁ ስለ ተገደዱ ቤተ ሰቡ ወደ ሎንዶን ተሰደደ። በስደት አገር ሥራም እንጀራም ስለ ጠበበ፣ ወላጆቹ ሩዶልፍን ብቻውን አውግስቡርግ ወደምትባለው የጀርመን ከተማ፣ የሒሳብ መምህር ወደ ሆኑ ዘመዱ ዘንድ ሰደዱት። በዚያም ቤት እየኖረ የሞያ ትምህርት ተማረ። በ14 ዓመቱ መሐንዲስ ለመሆን መቍረጡን ለወላጆቹ በደብዳቤ አስታወቀ። እነርሱ ቶሎ ሥራ ይዞ እንዲያግዛቸው ይፈልጉ ነበር፤ እርሱ ግን ከክፍሉ አንደኛ እየወጣ በ1875 በሙኒክ ከተማ በሚገኘው ከፍተኛ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ያለ ክፍያ የመማር ዕድል አገኘ።

የባከነው ሙቀት

በሙኒክ ካስተማሩት መምህራን አንዱ በበረዶ መሥሪያ መኪና ስማቸው የታወቀው ካርል ፎን ሊንደ ነበሩ። እኒህ መምህር አንድ ቀን ስለ እንፋሎት ሞተር ሲያስተምሩ፣ ከሚነደው የድንጋይ ከሰል ሙቀት ወደ ሥራ የሚለወጠው ከመቶ ዐሥር እንኳ እንደማይሞላ ገለጹ። የቀረው ሁሉ በጭስ መውጫውና በእንፋሎቱ ይጠፋል ማለት ነው። ይህም አንድ ሰው ዐሥር ቁና እህል ወደ ወፍጮ ቤት ልኮ ከአንድ ቁና ያነሰ ዱቄት እንደሚመለስለት ያህል ነው። ሌሎቹ ተማሪዎች ቍጥሩን ጽፈው አለፉት። ሩዶልፍ ግን ይህን ብክነት የሚያስቀር ሞተር እንዴት እንደሚሠራ ማጥናት አለብኝ ሲል በደብተሩ ጠርዝ ላይ ማስታወሻ ጻፈ። ከዚያም ቀን ጀምሮ ያ አሳብ አልለቀቀውም።

በ1879 በፈተናው ጊዜ በታይፎይድ በሽታ ታመመና ከጓደኞቹ ጋራ ለመፈተን ሳይችል ቀረ። ቀጣዩን ፈተና እስኪጠብቅ ድረስም በስዊስ አገር በአንድ የመኪና ፋብሪካ በእጁ እየሠራ ተማረ። በ1880 መጀመሪያ ፈተናውን በከፍተኛ ማዕርግ ካለፈ በኋላ ወደ ፓሪስ ተመልሶ በመምህሩ በሊንደ የበረዶ ፋብሪካ ሥራ ተቀበለ። በ1883 ማርታ ፍላሸ የምትባል ወጣት አግብቶ ሦስት ልጆች ወለደ። ቀን የበረዶ ፋብሪካ ሥራውን ሲሠራ፣ በትርፍ ጊዜው የሞተሩን ነገር ያሰላስል ነበር። በመጀመሪያ በውሃ እንፋሎት ፈንታ በአሞንያ እንፋሎት የሚሠራ ሞተር ለማውጣት ብዙ ዓመት ደከመ፤ ነገር ግን አልሆነለትም።

የአዲሱ ሞተር አሳብ

የብስክሌት ጎማ የነፋ ተማሪ ሁሉ አንድ ነገር ያውቃል። አየሩ በመንፊያው ውስጥ በተጨመቀ መጠን መንፊያው ይሞቃል። ዲዝል መላ አሳቡን የመሠረተው በዚሁ ነገር ላይ ነው። አየርን በሲሊንደር ውስጥ አጥብቀን ብንጨምቀው ከግለቱ የተነሣ ነዳጅ ሲረጭበት ያለ ክብሪት፣ ያለ ካንዴላም ሊነድ ይገባዋል ሲል አሰበ። አየሩ ይበልጥ በተጨመቀና በኋላም ይበልጥ በተለጠጠ መጠን፣ ከእሳቱ ሙቀት ወደ ሥራ የሚለወጠው ክፍል ይበዛል።

በዚህ አሳብ በ1892 የፈጠራ መብት ጠየቀ፤ በፌብሩዋሪ 23 ቀን 1893ም ተሰጠው። የአውግስቡርግ የመኪና ፋብሪካና ክሩፕ የሚባለው ታላቅ ኩባንያ ወጪውን ለመቻል ተስማሙ። በኦገስት 10 ቀን 1893 የመጀመሪያው ሞተር ሲሞከር ነዳጁ በእርግጥ በግለቱ ብቻ ነደደ፤ ነገር ግን የግፊቱን መጠን የሚለካው መሣሪያ ፈንድቶ ስብርባሪው በአጠገቡ በቆሙት ሰዎች ራስ ላይ አለፈ። ሞተሩም በራሱ ኀይል ሊዞር አልቻለም። በፌብሩዋሪ 17 ቀን 1894 የተሻሻለው ሞተር ለአንድ ደቂቃ ያህል በራሱ ዞረ። አንድ ደቂቃ ለሌላ ሰው ምንም ላይሆን ይችላል፤ ለዲዝል ግን የብዙ ዓመት ድካም ፍሬ ነበረ።

በዚህ ላይ ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ዲዝል በ1893 ባሳተመው መጽሐፍ የጻፈው ሁሉ ትክክል አልነበረም። አየሩ እስከ 250 አትሞስፌር ይጨመቃል ብሎ ነበር፤ ይህ ሊሠራ ስለማይችል እጅግ ዝቅ አደረገው። የድንጋይ ከሰል ዱቄት ለማንደድም አስቦ ነበር፤ በኋላ በፈሳሽ ነዳጅ ለወጠው። ሞተሩ የዳነው ፈጣሪው ከገዛ መጽሐፉ ይልቅ በሙከራው ጠረጴዛ ላይ የተገኘውን ቍጥር ስለ አመነ ነው።

በፌብሩዋሪ 17 ቀን 1897 ፕሮፌሰር ሞሪትስ ሽሮተር ሞተሩን በይፋ መረመሩት። ቁመቱ 3 ሜትር የሚያህል፣ ባለ አንድ ሲሊንደር ሆኖ 20 የፈረስ ጕልበት ያህል ይሰጥ ነበር። ከነዳጁም ሙቀት ከመቶ 26 የሚያህለውን ወደ ሥራ ለወጠ። በዚያ ዘመን ከዚህ የሚስተካከል የሙቀት ሞተር አልነበረም። በደብተር ጠርዝ ላይ የተጻፈው የተማሪ ምኞት ከ19 ዓመት በኋላ ተፈጸመ።

ክብርና ውድቀት

ከዚህ በኋላ ዲዝል በአንድ ጊዜ ባለ ዝናና ባለጠጋ ሆነ። በ1898 የፈጠራ መብቱን 3 ሚልዮን ተኩል ማርክ በሚገመት ዋጋ ለአንድ ማኅበር ሸጠ። በ1900 በፓሪስ በተደረገው የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ ሞተሩ ታላቁን ሽልማት አገኘ። በዚያው ኤግዚቢሽን አንድ ትንሽ የዲዝል ሞተር በለውዝ ዘይት ሲሠራ ታየ፤ ዲዝልም በመጨረሻው ዘመኑ ገበሬ ከሚያመርተው ዘይት ነዳጅ ማግኘት አንድ ቀን ታላቅ ጥቅም እንደሚኖረው አስረድቷል።

ነገር ግን መጀመሪያ የተሸጡት ሞተሮች ገና ያልበሰሉ ስለ ነበሩ እየተበላሹ ብዙ አቤቱታ አመጡ። ፈጠራው የራሱ አይደለም የሚሉ ተቃዋሚዎችም ተነሡበት። ከድካሙ ብዛት ጤንነቱ ታወከና በ1898 በሕክምና ቤት እስከ ማረፍ ደረሰ። በሙኒክ ታላቅ ቤት አሠራ፤ ገንዘቡን በመሬትና በሌላ ንግድ ላይ አዋለ፤ ብዙውም ጠፋ። የአንዲት ጠብታ ዘይት ሙቀት እንዳይባክን የተጨነቀው ሰው የራሱን ጕልበትና ሀብት መጠበቅ ሳይችል ቀረ።

በሴፕቴምበር 29 ቀን 1913 ከቤልጅግ አገር ከአንትወርፕ ወደብ ድሬስደን በምትባል መርከብ ወደ እንግሊዝ አገር ተሳፈረ። ከባልንጀሮቹ ጋራ ራቱን በልቶ ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ወደ ክፍሉ ሲገባ፣ በማግሥቱ ጧት እንዲቀሰቅሱት ለሠራተኛው ተናገረ። ሲነጋ ግን አልጋው ሳይተኛበት ተገኘ፤ እርሱም በመርከቢቱ ላይ አልነበረም። በኦክቶበር 10 የሆላንድ መርከበኞች አስከሬን በባሕር ላይ አገኙና በኪሱ የነበሩትን ጥቃቅን ዕቃዎች ወስደው አስከሬኑን ለባሕሩ መለሱት። ዕቃዎቹንም ልጁ ኦይገን የአባቴ ናቸው ብሎ መሰከረ። ስለ አሟሟቱ ብዙ ተወርቷል፤ ብዙዎቹ ታሪክ ጸሐፊዎች ግን የዕዳው ጭንቀትና የጤናው መታወክ ለዚህ አደረሱት ይላሉ። በሞተበት ጊዜ 55 ዓመቱ ነበረ።

ሞተሩ ወደ አውቶሞቢል እንዴት ገባ?

ዲዝል በሕይወቱ ሳለ ሞተሩ ፋብሪካዎችንና መርከቦችን ሲያንቀሳቅስ አየ። በአውቶሞቢል ውስጥ ሲሠራ ለማየት ግን አልታደለም። በዘመኑ ነዳጁ ወደ ሲሊንደር የሚረጨው በተጨመቀ አየር ግፊት ስለ ሆነ፣ አየሩን የሚጨምቀው መሣሪያ ከባድ ነበረ። ፕሮስፐር ሎራንዥ በ1909 ያወጣው ብልሃትና የሮበርት ቦሽ ፋብሪካ ከ1927 ጀምሮ የሸጠው የነዳጅ ፖምፓ ይህን ሸክም አስቀሩት። በ1936 በበርሊን ኤግዚቢሽን የቀረበው መርሴዲስ 260 ዲ በብዛት ከተሠሩት ባለ ዲዝል የቤት መኪናዎች የመጀመሪያው ነው ይባላል። እኩያው የቤንዚን መኪና ለ100 ኪሎ ሜትር 13 ሊትር ያህል ሲጠጣ፣ ይህ 9 ሊትር ተኩል እንኳ አይፈጅም ነበር። ስለዚህ የታክሲ ነጂዎች ወደዱት።

ይህ ቍጠባ ከየት መጣ? አንደኛው አየሩ እጅግ ከመጨመቁ የተነሣ ነው፤ የቤንዚን ሞተር አየሩን ወደ ዐሥር እጅ ገደማ ሲያጠበው፣ ዲዝል ከ15 እስከ 20 እጅ ያጠበዋል። ሁለተኛው፣ የቤንዚን ሞተር ነጂው እግሩን ባቀለለ ጊዜ አየሩን ስለሚያግድ አፍንጫውን እንደ ያዙት ሰው በጭንቅ ይተነፍሳል፤ ዲዝል ግን አየሩን በነጻ እየሳበ ነዳጁን ብቻ ይቀንሳል። ሦስተኛው፣ አንድ ሊትር ናፍጣ ከአንድ ሊትር ቤንዚን ይበልጥ ሙቀት በውስጡ ይዟል።

ይህን ትርፍ የሚጠብቀው ወይም የሚያባክነው ነጂው ነው። የአየር ፊልትሮው በአቧራ ከታፈነ፣ ነዳጁን የሚረጨው ኖዝል ካረጀ፣ ጎማው ነፋስ ካነሰው ናፍጣው በከንቱ ያልቃል። ቆሞ ሳለ ሞተሩን አስነሥቶ መተው፣ በድንገት መፍጠንና በድንገት ፍሬን መያዝ፣ ማርሹን ሳይለውጡ ሞተሩን ማስጮኽ፣ እነዚህ ሁሉ ገንዘብ ወደ ጭስ የሚለውጡ ልማዶች ናቸው። ዳገት ላይ ከመኪና የሚወጣው ጥቁር ጭስ በደንብ ሳይነድ የቀረ ናፍጣ ነው። ጕዳቱም በኪስ ብቻ አይቀርም፤ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል በ2012 የዲዝል ጭስ ካንሰር እንደሚያመጣ አስታውቋል።

ከታሪኩ የምንማረው

አባቶቻችን ኤንትሬ እያሉ የሚጠሩት የፊያት የጭነት መኪና በዲዝል ሞተር ተራራችንን እየወጣ አገራችንን ለብዙ ዘመን አገልግሏል። በ2024 ኢትዮጵያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ከውጭ እንዳይገቡ ስለ ከለከለች፣ የነገ መንገድ የኤሌክትሪክ መኪና ሊሆን ይችላል። ሆኖም ዲዝል በ20 ዓመቱ የጠየቀው ጥያቄ ለኤሌክትሪክም፣ ለማገዶም፣ ለውሃም ያገለግላል፤ ይኸውም ካወጣነው ውስጥ ስንቱ ሥራ ሆነ፣ ስንቱስ ባከነ የሚለው ነው።

እኛ ተማሪዎች ከዚህ ሰው ሕይወት ሁለት ነገር እንውሰድ። መምህር በክፍል ውስጥ የሚናገረው አንድ ቍጥር የዓለምን ሥራ ሊለውጥ ይችላልና ሰምተን አንለፈው። ደግሞም ከነዳጅ ሁሉ የከበረው የሰው ኀይል ነውና፣ በተጨነቅን ጊዜ ጭንቀታችንን ለወላጅ፣ ለመምህር፣ ለጓደኛ እናካፍል እንጂ ብቻችንን አንሸከመው። ዲዝል የእሳትን ብክነት ቀነሰልን፤ የእርሱ ሕይወት ግን ያለ ጊዜው ባከነ። የፊተኛውን ሥራውን እየተከተልን ከኋለኛው ብንጠነቀቅ ድካሙ ለእኛ ሙሉ ትርፍ ይሆናል።