የበዓሉ ግርማ ሌላው እንቆቅልሽ

በዓሉ ግርማ ሲባል ብዙዎቻችን የምናውቀው አንድ ቀን ነው፤ የካቲት 6 ቀን 1976 ዓ.ም.። ከቤቱ ወጣ፣ በዚያው ቀረ። እዚህ ኦቶና፣ ሆስፒታሉ አካባቢ ቡና እየጠጣሁ ወጣቶች ስለ እሱ ሲያወሩ ስሰማ ጥያቄያቸው ሁሌም ያው ነው፤ ማን ገደለው? የት ቀበሩት? አልፈርድባቸውም። «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ከገበያ ሲሰበሰብና ደራሲው ከማስታወቂያ ሚኒስቴር ሲባረር ያለው ታሪክ በራሱ ልብ ይሰቅላል። እኔን የሚከነክነኝ ግን ሰውየው በአጠፋፉ ብቻ መታወቁ ነው። ዋናው እንቆቅልሽ ያለው ልጅነቱ ውስጥ ነውና።

በሌላው ዓለም የታወቁ ደራሲዎችን ወደ ልጅነት መልሰው፣ ምስጢር እያስፈለፈሉ ለታዳጊዎች የሚጽፉ አሉ። ከእኛ ሰው አንዱን ምረጥ ብትሉኝ ሳላቅማማ በዓሉን ነው።

የተወለደው ኢሉባቦር፣ ሱጴ ውስጥ ነው፤ ያውም በጣሊያን ወረራ ዘመን። እናቱ ኦሮሞ፣ አባቱ ህንዳዊ ነጋዴ። ህንዳዊ ከሱጴ ምን አገናኘው እንዳትሉ! ያኔ የምዕራቡ ቡና በጎሬ አድርጎ ጋምቤላ ይወርድና በባሮ ወንዝ ወደ ሱዳን ይጫን ነበር፤ ንግዱ ያለበት ቦታ ህንዱም፣ አረቡም፣ ግሪኩም አይጠፋም። ህንዶች ደግሞ የእንግሊዝ ተገዢ ስለነበሩ ጣሊያኖች በጥርጣሬ ዓይን ያዩአቸዋል። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ለተወለደ ልጅ ፈጠራ ምን ያደርጋል?

ደግሞ ስሙን እዩልኝ። ግርማ የህንድ ስም ነው እንዴ? ልብወለዱ የሚጀምረው እዚች ላይ ነው።

ከዚያ አዲስ አበባ፣ ዘነበወርቅ ትምህርት ቤት ገባ። ቀጥሎ እንግሊዞች ያስተምሩበት በነበረው ጀነራል ዊንጌት አዳሪ ሆነ፤ ዩኒቨርሲቲም፣ አሜሪካ ሚሺጋንም ተማረ። «መነን» መጽሔትን፣ «አዲስ ሪፖርተር»ን፣ «አዲስ ዘመን»ን በአዘጋጅነት መራ። ይህን በየድረ ገጹ ስለምታገኙት አላሰለቻችሁም። ከእሱ ይልቅ የሚገርመኝ ቋንቋው ነው። የእናቱ ቋንቋ ኦሮምኛ፣ የዊንጌት ቋንቋ እንግሊዝኛ፤ ስሙን የተከለው ግን በአማርኛ። እኛ ኦቶና ውስጥ ቤት ወላይትኛ፣ ክፍል ውስጥ አማርኛ እያልን ላደግነው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በአማርኛ መጻፍ የሌላ ሰው ሥራ ነው ብሎ ብዕሩን ያስቀመጠ ስንት ጎበዝ ልጅ አውቃለሁ!

ሱጴንም አልረሳትም። «ሐዲስ» የሚለው ልብወለዱ መምህሩን ሐዲስን ወደዚያችው ሱጴ ይወስደዋል፤ ትምህርት ቤት ለማሠራት ከነዋሪው ጋር ሲለፋ እናየዋለን። ዝናና ሥልጣን ያገኘ የአዲስ አበባ ሰው ለምን ወደ ሱጴ ተመለሰ? የልጅነቱን ምስጢር የሚፈልግ ሰው ፍለጋውን ከዚህ መጽሐፍ ቢጀምር አይከስርም።

የሚያስቀው ደግሞ፣ በሕይወት ያለን ደራሲ ልብወለድ ውስጥ የመክተት ነገር እሱ ራሱ የሠራው ነው። «ደራሲው» ውስጥ ያለው ሲራክ በስብሐት ገብረ እግዚአብሔር ተቀርጾ ነው የወጣው። ታዲያ በዓሉን ሲራክ የሚያደርገው ማነው?

እኔ ብጽፈው የመጀመሪያውን ምዕራፍ ዘነበወርቅ ትምህርት ቤት ምዝገባ ላይ አደርገው ነበር። ከሱጴ የመጣ አንድ ልጅ ተራው ደርሶ ቆሟል። መዝጋቢው ቀና ሳይል የአባቱን ስም ይጠይቀዋል። ልጁ ቶሎ አይመልስም።