አርኖልድ ታይለር

ሰር አርኖልድ ታይለር (26 ማርች 1867 – 24 ጁላይ 1936 እ.ኤ.አ.) በስዊዘርላንድ ተወልዶ አብዛኛውን የሥራ ዘመኑን በደቡብ አፍሪካ ያሳለፈ የእንስሳት ሐኪምና ተመራማሪ ነበር። የከብት፣ የፈረስና የበግ ተላላፊ በሽታዎችን አንዱን ከሌላው ለይቶ በማወቅና መከላከያቸውን በማዘጋጀት ይታወቃል። ኦንደርስተፖርት የተባለውን የእንስሳት በሽታ ምርምር ተቋም መሠረተ። ታይሌሪያ የተባሉት ጥገኛ ተሕዋስያን ስማቸውን ያገኙት ከእርሱ ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሌላ ካልተገለጸ በስተቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ትምህርት

ታይለር የተወለደው በአርጋው ካንቶን በምትገኝ ፍሪክ በተባለች ትንሽ ከተማ ነው። አባቱ መምህር ነበር። የእንስሳት ሕክምናን በዙሪክና በበርን አጥንቶ በ1889 ተመረቀ። በሀገሩ ጥቂት ጊዜ ከሠራ በኋላ በ1891 ወደ ትራንስቫል (በዚያን ጊዜ የደቡብ አፍሪካ ሪፐብሊክ ትባል ወደነበረችው የቦሮች መንግሥት) ተጓዘ።

የመጀመሪያው ዘመን አስቸጋሪ ነበር። የእንስሳት ሐኪም የሚጠራ ገበሬ ጥቂት ስለነበር በፕሪቶሪያ አጠገብ በሚገኝ እርሻ ተቀጠረ። እዚያም የከብት መኖ መቁረጫ መኪና አንድ እጁን ቆረጠው። ከዚያ በኋላ የቀዶ ጥገናውንም ሆነ የላቦራቶሪ ሥራውን በቀረው እጁ ለመሥራት ተገደደ።

በ1893 በዊትዋተርስራንድ የወርቅ ማዕድን ሠፈሮች ፈንጣጣ ገባ። የፈንጣጣ ክትባት በዚያ ዘመን ይዘጋጅ የነበረው በጥጆች ቆዳ ላይ ስለሆነ ሥራው ለእንስሳት ሐኪም ቅርብ ነበር። ታይለር ክትባቱን በማዘጋጀቱ በመንግሥት ዘንድ ታወቀ። በዚያው ዓመት ኤማ ዬገን አገባ።

የከብት ደስታ በሽታ

ታይለርን ለትልቅ ኃላፊነት ያበቃው ከሰሜን የመጣ ወረርሽኝ ነው። በአማርኛ የደስታ በሽታ የሚባለው የከብት ቸነፈር በ1887 መጨረሻ (1880 ዓ.ም.) በምጽዋ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ገባ። የመጣውም ለጣልያን ጦር ከባሕር ማዶ ከተጫኑ ከብቶች ጋር እንደሆነ ይታመናል። የእርሻ በሬው በማለቁ ክፉ ቀን ተብሎ የሚታወሰው ታላቁ ረሃብ ተከተለ። ወረርሽኙ በምሥራቅ አፍሪካ በኩል ወደ ደቡብ ወርዶ በ1896 መጀመሪያ የዛምቤዚን ወንዝ ተሻገረ። ቀድሞ በማያውቀው መንጋ ውስጥ ሲገባ ከአሥሩ ከብት እስከ ዘጠኙን ሊገድል ይችላል። ከዛምቤዚ ወንዝ በስተደቡብ ብቻ ወደ 2.5 ሚሊዮን የሚጠጉ ከብቶች እንደሞቱ ይገመታል።

ታይለር በሽታውን እንዲያጠና ወደ ቡላዋዮ ተላከ፤ በ1896ም የመንግሥት የእንስሳት ሐኪም ሆኖ ተሾመ። ባለሥልጣኖች መጀመሪያ የሞከሩት አጥር ማጠርን፣ የከብት እንቅስቃሴን መከልከልንና የታመመውን ከጤነኛው ጋር አንድ ላይ መግደልን ነበር። በሽታው ግን አልቆመም። ከብቱ ሀብቱም ጥሎሹም የእርሻ ጉልበቱም ለሆነው ጥቁር ባለመንጋ፣ ጤነኛ ላም በመንግሥት ጥይት ስትወድቅ ማየት ከባድ በደል ነበር። በቤችዋናላንድ ይህ ለአመፅ ምክንያት ከሆኑት ነገሮች አንዱ ሆኗል።

በዚያው ጊዜ ጀርመናዊው ሮበርት ኮክ ወደ ኪምበርሊ ተጠርቶ በበሽታው ከሞተ ከብት የተወሰደ ሐሞት ጤነኛውን መውጋት ጥበቃ እንደሚሰጥ በ1897 አስታወቀ። የሐሞቱ ዘዴ ግን ጥበቃ እስኪሰጥ ቀናት ይወስድ ስለነበር በሽታው ቀድሞ ለገባበት መንጋ እምብዛም አይጠቅምም ነበር። ታይለርና የናታሉ የእንስሳት ሐኪም ኸርበርት ዋትኪንስ ፒችፎርድ በማሪኮ አውራጃ አብረው ሲሠሩ ሌላ መንገድ ተከተሉ። ከበሽታው ከዳኑ ከብቶች ደም ሴረም እየለዩ ለሌሎች ሰጡ። ሴረሙ ፈጥኖ ይሠራል፤ ጥበቃው ግን አጭር ነው። በኋላ በሌሎች ተመራማሪዎችም ጥረት ሴረሙን ከበሽተኛ ከብት ደም ጋር በአንድ ጊዜ መውጋት ዘላቂ መከላከያ እንደሚሰጥ ታወቀ።

በቦር ጦርነት (1899–1902) ታይለር ከቦሮቹ ወገን በእንስሳት ሐኪምነት አገለገለ። ፕሪቶሪያ በእንግሊዞች ከተያዘች በኋላ አዲሱ አስተዳደር በምርምር ሥራው እንዲቀጥል አደረገው።

የምሥራቅ ጠረፍ ትኩሳት

ከጦርነቱ በኋላ ያለቀውን ከብት ለመተካት ከምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ በመርከብ ከብት ይመጣ ነበር። ከእነዚህ ጋር በ1902 አዲስ በሽታ ገባ። ከብቶቹ ከባድ ትኩሳት ይይዛቸዋል፤ ንፍፊታቸው ያብጣል፤ መተንፈስ እያቃታቸው ይሞታሉ። በመጀመሪያ ብዙዎች በሀገሩ ይታወቅ የነበረው ቀይ ሽንት የተባለው በሽታ መስሏቸው ነበር፤ ሁለቱም በመዥገር ይተላለፋሉና።

ስሙን መሳሳት በባለመንጋው ላይ ጉዳት ያመጣ ነበር። ከቀይ ሽንት የዳነ ከብት ደም ለሌላው ቢወጋ ቀላል ሕመም አስከትሎ ከዚያ ወዲህ ይጠብቀዋል። ኮክ በ1903 በቡላዋዮ ሲመራመር አዲሱ በሽታ የተለየ መሆኑን ቢገነዘብም እርሱ ያቀረበው የደም መውጋት ዘዴ አልሠራም። ታይለር በማይክሮስኮፕ በቀይ የደም ሴሎች ውስጥ ያየው ተሕዋስ ከቀይ ሽንቱ ተሕዋስ በጣም ያነሰ ነበር። የታመመ ከብት ደም ለጤነኛ ሲወጋም በሽታውን አያስተላልፍም፤ መከላከያም አይሆንም። በዚህ መሠረት በ1904 ተሕዋሱን ራሱን የቻለ ዝርያ አድርጎ ገለጸው። በ1907 ሌሎች ተመራማሪዎች ይህን ወገን ታይሌሪያ ብለው ሰየሙት፤ የበሽታው አምጪ ታይሌሪያ ፓርቫ ይባላል።

በሽታውን የሚያስተላልፈው ቡናማው የጆሮ መዥገር መሆኑን በኬፕ መንግሥት ሥር ይሠራ የነበረው ቻርልስ ላውንስበሪ አሳየ። ታይለርም ይህን በራሱ ሙከራዎች አጠናከረ። መዥገሩ በእያንዳንዱ የእድገት ደረጃ አንድ እንስሳ ጠብቶ ይወርዳል፤ በአንዱ ደረጃ የወሰደውን ተሕዋስ በሚቀጥለው ደረጃ ለሌላ ከብት ይሰጣል፤ በእንቁላሉ በኩል ግን ለልጆቹ አያስተላልፍም። የመከላከያው ዘዴ ከዚህ ተነሣ። የግጦሽ መሬት ከአንድ ዓመት በላይ ከብት ሳይገባበት ቢታጠር ይነጻል። ከብትን በጥቂት ቀናት ልዩነት እየደጋገሙ በመድኃኒት ገንዳ ውስጥ መንከርም መዥገሩን ከመተላለፉ በፊት ይገድለዋል። ይህ አሠራር ብዙ ዓመታት ወስዶ በ1950ዎቹ አጋማሽ በሽታው ከደቡብ አፍሪካ እንዲጠፋ አስችሏል።

በ1910 ታይለር አናፕላዝማ ማርጂናሌ የተባለውን ሌላ በመዥገር የሚተላለፍ የደም ተሕዋስ ገለጸ። ከዚህ ጋር የሚዛመደውና ቀላል ሕመም ብቻ የሚያስከትለው አናፕላዝማ ሴንትራሌ ከብርቱው በሽታ እንደሚጠብቅ ስላስተዋለ እርሱን ለክትባት አዋለው።

ፈረስ፣ በቅሎና በግ

በዝናብ ወራት በቆላ የሚነሣው የአፍሪካ የፈረስ በሽታ ጭነትና ጉዞ በፈረስና በበቅሎ በነበረበት ዘመን ትልቅ ችግር ነበር። ታይለር በሽታው ባክቴሪያን በሚያስቀር ማጣሪያ በሚያልፍ ረቂቅ ነገር (ዛሬ ቫይረስ በሚባለው) እንደሚመጣ በሙከራ አረጋገጠ። ሴረምንና ቫይረስን አጣምሮ መውጋቱ ለበቅሎ ጥሩ ውጤት ሰጠ፤ ለፈረስ ግን አደጋው ከፍ ያለ ነበር። አንዴ የዳነ እንስሳ እንደገና ሲታመም በማየቱም ቫይረሱ ከአንድ በላይ ዓይነት እንዳለው ተረዳ። የበግን ሰማያዊ ምላስ በሽታ ለመከላከል ደግሞ ቫይረሱን ከበግ ወደ በግ እያሻገረ ያዳከመው ክትባት ለአሥርተ ዓመታት አገልግሏል።

ኦንደርስተፖርትና የላምሲክተ ጥያቄ

ታይለር በ1908 ከፕሪቶሪያ በስተሰሜን የተከፈተውን የኦንደርስተፖርት ላቦራቶሪ መራ። ተቋሙ ምርምርንና የክትባት ምርትን በአንድ ግቢ ያጣመረ ነበር። በ1914 የሰርነት ማዕረግ ተሰጠው። በ1920 እዚያው የተቋቋመው የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲ የመጀመሪያ ዲን ሆነ። ፋኩልቲው ለረጅም ዘመን ጥቁር ተማሪዎችን አይቀበልም ነበር።

ብዙ ዓመታት የፈጀበት ጥያቄ ላምሲክተ የተባለው ከብትን ሽባ አድርጎ የሚገድል በሽታ ነው። ታይለር በመጀመሪያ መርዛማ ዕፅ ጠርጥሮ ነበር፤ ሙከራዎቹ ግን ይህን አልደገፉም። በቭራይበርግ አቅራቢያ ከባልደረቦቹ ጋር ያደረገው ምርምር በ1919 እና በ1920 መልሱን አስገኘ። በአካባቢው አፈርና ሣር ፎስፈረስ ስለሚያንስ የተራቡ ከብቶች በሜዳ የወደቀ አጥንት ይቆረጥማሉ። በበሰበሰ ሬሳ ላይ የሚያድግ ባክቴሪያ የሚያመርተው መርዝ ከአጥንቱ ጋር ገብቶ ይገድላቸዋል፤ በሽታው ቦቱሊዝም ነው። ስለዚህ መከላከያው ለከብቱ የአጥንት ዱቄት መመገብና ሬሳውን ከግጦሽ ማንሣት ሆነ።

የመጨረሻ ዘመንና ቅርስ

ታይለር በ1927 ጡረታ ወጣ። በ1936 በተወለደበት ሀገር በሉሰርን ከተማ ሞተ። ከአራት ልጆቹ አንዱ የሆነው ማክስ ታይለር ለቢጫ ወባ ክትባት መሠረት በሆነው ምርምሩ በ1951 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል።

ለታይለር ሥራ መነሻ የሆነው የደስታ በሽታ በኋላ ዘመን በተዘጋጀ ክትባት ተሸንፎ በ2011 ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። ከፈንጣጣ ቀጥሎ በሰው ጥረት ከምድር የጠፋ ሁለተኛው በሽታ ነው። የአናፕላዝማ ሴንትራሌ ክትባት ከመቶ ዓመት በኋላም በደቡብ አፍሪካ፣ በአውስትራሊያና በእስራኤል ለከብቶች ሲሰጥ ቆይቷል። ኦንደርስተፖርትም የእንስሳት በሽታ ምርምርና ትምህርት ማዕከልነቱን ቀጥሏል።