ከባርነት ወደ መምህርነት፤ የኦኔሲሞስ ነሲብ ሕይወትና ሥራ

በአገራችን የትምህርት ታሪክ ውስጥ ስማቸው ሊዘነጋ ከማይገባቸው ሰዎች አንዱ መምህር ኦኔሲሞስ ነሲብ ናቸው። እኒህ ሰው በልጅነታቸው ከትውልድ መንደራቸው ተነጥቀው ለባርነት የተሸጡ፣ በምጽዋ ወደብ ነጻነታቸውን ያገኙ፣ በመጨረሻም የወገናቸውን ቋንቋ ለመጽሐፍና ለትምህርት ቤት ያበቁ ሊቅ ናቸው። የሃይማኖት ትምህርት ተማሪው በሚገባው ቋንቋ ሊሰጥ ይገባል የሚለውን እምነት ይዘው ዕድሜያቸውን በሙሉ ስለ ደከሙ፣ የሕይወታቸው ታሪክ ለሠራዊቱም ሆነ ለከተማው ነዋሪ ትምህርት ይሰጣል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኦኔሲሞስ የተወለዱት በ1856 ገደማ በኢሉባቦር ሑሩሙ አጠገብ ነው። በትውልድ አገሩ ይጠራበት የነበረው ስም ሂካ ሲሆን፣ ቃሉ በኦሮምኛ መፍታትንና መተርጎምን ያመለክታል። ሕፃኑ ሂካ ገና የአራት ዓመት ልጅ ሳለ አባቱ ሞተበት። በ1869 ደግሞ ባሪያ ፈንጋዮች ነጥቀው ወሰዱት። በዚያ ዘመን ሰውን እንደ ዕቃ መሸጥና መለወጥ የተለመደ ንግድ ስለ ነበር፣ ልጁ ከአንዱ ጌታ ወደ ሌላው እየተላለፈ እስከ ቀይ ባሕር ጠረፍ ደረሰ። እርሱ ራሱ በኋላ እንደ ተረከው፣ ምጽዋ እስኪደርስ ድረስ በስምንት ጌቶች እጅ አልፏል።

ከዚያ ወደብ ብዙዎች ባሕሩን እየተሻገሩ ዳግም ሳይመለሱ ቀርተዋል። ሂካ ግን በ1870 በምጽዋ ይኖር የነበረው የስዊስ ተወላጅ ቬርነር ሙንዚንገር ነጻ አወጣውና ለስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ሰጠው። ልጁ ለትምህርት እጅግ ትጉ ሆኖ ተገኘ። በመጋቢት 31 ቀን 1872 በትንሣኤ በዓል ዕለት ሲጠመቅ ኦኔሲሞስ የሚል ስም ተሰጠው። ይህም በሐዋርያው ጳውሎስ መልእክት የተጠቀሰው፣ ከባርነት ወደ ወንድምነት የተጠራው ሰው ስም ነው።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሚሲዮኑ በስቶክሆልም አቅራቢያ ወዳለው የዮሐኔሉንድ ትምህርት ቤት ላካቸው። በዚያም አምስት ዓመት ተምረው በመምህርነት ተመረቁ። ወደ ምጽዋም ተመልሰው ወይዘሮ ምሕረት ኃይሉን አገቡ። የተማረ ሰው በጠረፍ ከተማ ተቀምጦ ኑሮውን ማደላደል ይቻለው ነበር፤ የእርሳቸው ሐሳብ ግን ወደ ትውልድ አገራቸው ሄደው ወገናቸውን ማስተማር ነበር።

ይህ ሐሳብ በቀላሉ አልተፈጸመም። የመጀመሪያው ጉዞ በሱዳን በኩል ሆነ። ጓዙ ከጠረፉ አጠገብ ካለው ከፋማካ ምሽግ ሲደርስ ወደፊት መሄድ ስላልተቻለ ለመመለስ ተገደደ። በዚያ ስፍራ ኦኔሲሞስና የጉዞው መሪ አሬኒየስ በንዳድ በሽታ ተያዙ። ኦኔሲሞስ ራሳቸው ታመው ሳለ ባልንጀራቸውን ቢያስታምሙም፣ መሪው ከሞት አልዳነም። የቀሩት ተጓዦች ሚያዝያ 10 ቀን 1882 ካርቱም ሲገቡ የመሐዲ ዐመፅ ተቀስቅሶ ነበርና የምጽዋ መንገድ ተዘጋ። ኦኔሲሞስ በብዙ ችግር ወደ እምኩሉ ተመለሱ። ሁለተኛው ጉዞ በ1886 በሸዋ በኩል ተደርጎ እስከ እንጦጦ ተደረሰ፤ ይሁን እንጂ ምኒልክ ወደፊት ለማለፍ ፈቃድ ስላልሰጡ ተጓዦቹ እንደገና ወደ ምጽዋ ተመለሱ።

መንገዱ ሁለት ጊዜ ቢዘጋባቸው፣ ራሳቸው ሊደርሱበት ያልቻሉት አገር መጽሐፍ እንዲደርሰው ቆርጠው ተነሡ። በእምኩሉ ተቀምጠው መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መተርጎም ጀመሩ። እዚህ ላይ ግን ከተዘጋው መንገድ የከበደ እንቅፋት ገጠማቸው። ቋንቋውን የሚያውቁት በልጅነታቸው እንደ ተናገሩት ያህል ነበር። ከወገናቸው ተለይተው ወደ ጎልማሳነት ስለ ደረሱ፣ ለከባድ መጽሐፍ የሚያስፈልገው የቃላት ሀብት ከእርሳቸው ጋር አላደገም። ባርነት የነጠቃቸው ቤተሰባቸውንና አገራቸውን ብቻ አልነበረም፤ ከአፍ መፍቻ ቋንቋቸውም ከፍሎ ወስዶባቸዋል።

ይህን ጉድለት የሞላችው አስቴር ጋኖ የተባለች ወጣት ናት። እርሷም ለባርነት ተነጥቃ ባሕር ልትሻገር ስትል የኢጣልያ የባሕር ኃይል ነጻ አውጥቶ ለእምኩሉ ሚሲዮን የሰጣት ነበረች። ቋንቋዋን በሚገባ ታውቅ ስለ ነበር፣ ለኦሮምኛ መዝገበ ቃላት የሚሆኑ ቃላትን ሰበሰበች፤ ተረት፣ ምሳሌ፣ እንቆቅልሽና ዘፈን በድምሩ 500 ያህል ጻፈች፤ በትርጉሙም ሥራ ብዙ ደከመች። ስሟ ግን ለብዙ ዘመን እንደ ድካሟ ሳይነሣ ቆይቷል። የኦኔሲሞስ ሥራ ሲመሰገን የአስቴርም ሥራ አብሮ መመስገን ይገባዋል።

የድካማቸው ፍሬ በየተራ ታየ። ሐዲስ ኪዳን በ1893 ታተመ። በ1894 የፊደልና የንባብ መማሪያ መጽሐፍ ወጣ፤ በውስጡም አስቴር ከሰበሰበቻቸው ተረቶችና ዘፈኖች ብዙዎቹ ገቡ። ይህ በማስተማር ዘዴ ረገድ ሊስተዋል የሚገባው ነው፤ ሕፃኑ ፊደል ቆጥሮ መጀመሪያ የሚያነበው ከእናቱ አፍ የሰማውን ነገር ሆነ። በመጨረሻም ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 በስዊስ አገር በቅድስት ክሪሾና ታትሞ ወጣ። መጻሕፍቱ የተጻፉት በግዕዝ ፊደል ነበር።

መጽሐፉ ከጸሐፊው ቀድሞ ወለጋ መድረሱም የሚያስደንቅ ነው። ከኤርትራ የሄዱት ቄስ ገብረ ኤዎስጣቴዎስ ዘሚካኤል ከባልንጀሮቻቸው ጋር በቦጂ ተቀምጠው በኦኔሲሞስ የኦሮምኛ መጻሕፍት ያስተምሩ ነበር። ኦኔሲሞስ ራሳቸው ከአስቴርና ከሌሎች የሥራ ጓደኞቻቸው ጋር ወለጋ የገቡት በ1904 ነው። ለባርነት ከተነጠቁ 35 ዓመት አልፎ ነበር። የአገሩ ገዥ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር በክብር ተቀብለው፣ ወደ ቦጂ መሄዳቸውን ትተው በነቀምት እንዲቀመጡ አደረጓቸው። በዚያም ትምህርት ቤት ከፈቱ።

ትምህርቱ በኦሮምኛ መሆኑ ሕዝቡን ሲስብ፣ ቋንቋውን የማያውቁትን የአካባቢውን ካህናት አሠጋቸው። ካህናቱም በእመቤታችን ላይ የስድብ ቃል ተናግረዋል ብለው ከሰሷቸው። በግንቦት 1906 ከጳጳሱ ከአቡነ ማቴዎስ ዘንድ ቀርበው እንዲጋዙ ተፈረደባቸው። ዐፄ ምኒልክ ግን ፍርዱን አሻሽለው ወደ ነቀምት እንዲመለሱ፣ ነገር ግን እንዳይሰብኩ አዘዙ። ኦኔሲሞስ የግዞት ሥጋት ሳይለያቸው አሥር ዓመት ያህል በትምህርት ቤታቸው ተወስነው አስተማሩ። በ1916 ልጅ ኢያሱ እምነታቸውን እንዲያስተምሩ ፈቀዱላቸው። ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ከወረዱም በኋላ ያ ፈቃድ አልተሻረም።

መምህር ኦኔሲሞስ እስከ ዕለተ ሞታቸው ሲያስተምሩና መጻሕፍት ሲያሠራጩ ቆይተው ሰኔ 21 ቀን 1931 ዐረፉ። ባርነት በአገራችን በዐዋጅ የተሻረው እርሳቸው ከሞቱ ከ11 ዓመት በኋላ በ1942 ነው። ኦሮምኛም ከ1991 ወዲህ በላቲን ፊደል እየተጻፈ የትምህርት ቤት ቋንቋ ሆኗል።

ሃይማኖታቸውን የሚከተልም የማይከተልም ሰው ከዚህ ሊቅ ሕይወት የሚማረው አለ። ተማሪ የማይገባውን ቃል በቃሉ ቢያጠና አእምሮው እንደ ታሰረ ይቀራል፤ የሚገባውን ሲያነብ ግን ራሱ መርማሪ ይሆናል። ሂካ ተብሎ የተጠራው ልጅ የስሙን ትርጉም በሥራው አሳየ፤ ራሱ ከእስራት ከተፈታ በኋላ፣ ለወገኑ መጽሐፍ ሲፈታ ኖረ።